ድርሳነ ቅቤ ወፀሐይ፦ ጥቁር ቀለም ስብን ከብርሃን ስለ ማዳኑና ስላለማዳኑ

ሊቃውንት ስለ ሰማይ ርቀት፣ ስለ ባሕር ጥልቀት፣ ስለ ነገሥታት የዘር ሐረግ ብዙ ጽፈዋል። እናቶቻችን አናታቸው ላይ ስለሚያኖሩት ቅቤ ግን፣ ፀሐይ ሲያገኘው ምን እንደሚሆን፣ ከሥሩ ያለው ጥቁር ፀጉርም ይርዳው አይርዳው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ አንድም ብራና አልተፋቀም። ይህን ጉድለት በዝምታ ማለፍ ለትውልድ ዕዳ ማውረስ መስሎ ስለታየኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ይህን ድርሳን ለመድረስ ተነሣሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ እኛ መመለስ የፈለገ ቀንሶ ይድረስበት፤ ሊቅ ሁሉን አይሠራም።

ነገሩ የተነሣው በአንድ የሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው። ስሙን መጥራት ለድርሳኔ ክብር የማይመጥን፣ አንድ መጽሔት ገልጦ ሊቅ የሆነ ሰው፣ ለጋ ቅቤ ተቀብተው ደጅ ፀሐይ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት አየና «የእትዬ ቅቤ ምንም አይሆንም፤ ጥቁር ፀጉር ሜላኒን አለው፤ ሜላኒን ደግሞ አንቲኦክሲዳንት ነው» ብሎ ፈረደ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ብቻ ጠላዬን አስቀምጬ «ይህ ነገር ሐተታ ይሻል» አልኩ። የሰማኝ አልነበረም፤ ዘፋኙ ድምፅ ማጉያውን ከፍ አድርጎ ነበር። እነሆ አሁን በጽሑፍ፣ ማንም ሊያቋርጠኝ በማይችልበት።

አንደኛ አንቀጽ፦ ስብ ስንት ሞት አለው

ስብ ሁለት ሞት አለው። ይህን ያልለየ ሰው ስለ ቅቤ አፉን ባይከፍት ይመረጣል።

የመጀመሪያው የውኃ ሞት ነው። በቅቤው ውስጥ የቀረው ውኃ፣ ከወተቱ ወይም ከተሕዋስያን ከመጡ ኢንዛይሞች ጋር አብሮ፣ የስቡን አሲዶች ከግንዳቸው ይቆርጣቸዋል። ከተቆረጡት አንዱ ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ አፍንጫን የሚመታው እርሱ ነው። ይህን አሲድ ከቅቤ አውጥቶ ያሳወቀው ፈረንሳዊው ሚሼል ዩጂን ሼቭረል ሲሆን፣ በ1823 ባሳተመው መጽሐፍ የእንስሳትን ስብ ብልት በብልት ለይቶ አሳይቷል። ሰውየው 102 ዓመት ኖሯል፤ ከስብ ጋር የተጣላ ሁሉ ይህን ልብ ይበል። የውኃ ሞት ብርሃን አይሻም። በጨለማ ጓዳ፣ በቅል ውስጥ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ይፈጸማል። ስለዚህ የከረፋ ቅቤ ባሸተተ ቁጥር ፀሐይን የሚከስ ሰው ያልዋለችበትን እየመሰከረባት ነው።

ሁለተኛው የአየር ሞት ነው፤ ኬሚስቶች ኦክሲዴሽን ይሉታል። በስብ አሲድ ሰንሰለት ላይ ድርብ ትስስር ያለበት ቦታ ደካማ ነው፤ በሁለት ድርብ ትስስሮች መካከል የተቀመጠው ሃይድሮጂን ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለንጥቂያ የቀረበ ነው። ነጻ ራዲካል የሚባል፣ ኤሌክትሮኑ ጓደኛ ያጣበት ሞለኪውል ይመጣና ይነጥቀዋል። የተነጠቀው ስብ በተራው ራዲካል ይሆናል፤ ኦክሲጅን ይጨብጣል፤ ጨብጦም የጎረቤቱን ሃይድሮጂን ይነጥቃል፤ ጎረቤቱም የጎረቤቱን። እንዲህ እየተቀባበሉ ሃይድሮፐርኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ እርሱም ሲሰባበር አልዲሃይዶችን ይወልዳል፤ ቅቤውም ሞራ ሞራ ማለት ይጀምራል። አንባቢ በአፍንጫው ይለይ፦ የሚኮመጥጥና የሚከረፋ ከሆነ ውኃን ይክሰስ፤ ሞራ ሞራ ካለ አየርንና ብርሃንን ይጠርጥር።

በዚህ ሚዛን ቅቤ ጠንካራ ነው። ከስብ አሲዶቹ አብዛኞቹ ድርብ ትስስር የላቸውም፤ ሁለት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ከመቶ 2 ወይም 3 ያህል ቢሆን ነው። የኑግ ዘይት ግን ከመቶ 70 የሚበልጠው ሊኖሌይክ ነው፤ በፀሐይ ፊት ከቅቤ ቀድሞ የሚወድቀው እርሱ ነው። ይህን የጻፍኩት ቅቤን ለማወደስ አይደለም። ቅቤ ውዳሴ አያሻውም።

ብርሃን ታዲያ የት ይገባል? ንጹሕ ስብ የሚታየውን ብርሃን አይውጥም፤ ያልዋጠውም አይጎዳውም። ብርሃኑን ውጦ ጉዳቱን ወደ ስቡ የሚያሻግር ሌላ ቀለም ያስፈልጋል። በቅቤ ውስጥ ይህን ከሚሠሩት አንዱ ራይቦፍላቪን ነው፤ ያው ቫይታሚን ቢ2። አዎን፣ እንክብሉን በገንዘባችን የምንገዛው! ሰማያዊ ወይም አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኘው ይነቃል። የነቃው ራይቦፍላቪን፣ አንድም ራሱ ከስቡ ሃይድሮጂን ይነጥቃል፤ አንድም ጉልበቱን ለኦክሲጅን አስረክቦ ሲንግሌት ኦክሲጅን የሚባለውን ቁጡ ኦክሲጅን ያወጣል። ቁጡው ኦክሲጅን ሊኖሌይክ አሲድን የሚያጠቃበት ፍጥነት ከተራው ኦክሲጅን ከ1,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። በዘይት ውስጥ ያው ሥራ የክሎሮፊል ነው። እንግዲህ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች አዲስ አበባ፣ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ከመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር እያወቀች፣ ይህን ጉዳይ የቅንጦት ልትለው አትችልም።

ሁለተኛ አንቀጽ፦ ስለ ጥቁሩ ቀለም ባሕርይ

ሜላኒን የሚሠራው ታይሮሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው፤ ሥራውን የሚጀምረውም ታይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ሜላኖሳይት የሚባሉት ሕዋሳት ቀለሙን ሜላኖሶም በተባሉ ጥቃቅን ከረጢቶች እየሞሉ ለቆዳ ሕዋሳትና ለፀጉር ያከፋፍላሉ። ብዙ ጉረኛ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፦ የሜላኖሳይቶቹ ብዛት በነጭም በጥቁርም ሰው ቆዳ ተቀራራቢ ነው። ልዩነቱ በከረጢቶቹ መጠን፣ ብዛትና አደላደል ነው። በቀለሙ የሚመካ ካለ በከረጢት ይመካ።

ሕዋሱ ከረጢቶቹን እንዲሁ አይበትናቸውም። ከኒውክሊየሱ በላይ፣ ፀሐይ በምትመጣበት በኩል፣ እንደ ዣንጥላ ይዘረጋቸዋል። ይህን ዣንጥላ አንባቢ ከልቡ እንዳያወጣው አጥብቄ አሳስባለሁ፤ የድርሳኔ ጉልላት እርሱ ነው።

ቀለሙም ሁለት ወገን ነው። ጥቁሩና ቡናማው ዩሜላኒን ይባላል፤ ቀዩና ቢጫው ፌዮሜላኒን ነው፤ ይኸኛው ድኝ አለበት። የሁለቱ ጠባይ የማይገናኝ መሆኑን ወደ ኋላ እናገራለሁ፤ አሁን ግን ትርጓሜውን በአባቶች ወግ ላስኪድ።

ሜላኒን ስብን ይጠብቃል። ምነው ቢሉ፣ ብርሃንን ይውጣልና፤ ከአልትራቫዮሌት እስከ ቀይ ያለውን ሳይመርጥ ይውጣል፤ ከዋጠውም ከመቶ ከ99.9 የሚበልጠውን ሙቀት አድርጎ ያስወጣዋል። ራይቦፍላቪን ጉልበቱን ለኦክሲጅን ሲሰጥ፣ ዩሜላኒን በቅጽበት አሙቆ ይበትነዋል። አንድም ነጻ ራዲካልን ይይዛልና፤ እርሱ ራሱ የማይናወጥ ራዲካል በውስጡ ይዟል፤ ይህንንም ኮሞነር፣ ታውንሴንድና ፔክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1954 በማግኔት መሣሪያ መዝነው አሳይተዋል። አንድም ቁጡውን ኦክሲጅን ያበርዳልና። አንድም ብረትን ያስራልና፤ ልቅ ብረት ከሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ምን ዓይነት ብርቱ ኦክሲዴሽን እንደሚከተል ሄንሪ ፌንተን በ1894 ጽፎታል፤ ሜላኒን ብረቱን አቅፎ ሲይዘው ያ ግንኙነት ይቀራል።

ጽናቱንም ልናገር። በባሕር የሚኖር ሴፒያ የተባለ ፍጡር የሚተፋው ጥቁር ቀለም ዩሜላኒን ነው። የ160 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካለው የዚህ ወገን ቅሪት የወጣ ቀለም በ2012 ሲመረመር ዩሜላኒኑ ዛሬ ካለው ብዙም ሳይለይ ተገኝቷል። እንግሊዛዊቷ ኤልዛቤት ፊልፖት ደግሞ በ1833 እንዲህ ያለውን ከድንጋይ የወጣ ቀለም በውኃ በጥብጣ የጥንት አውሬ የራስ ቅል ሥላበታለች። የዛሬ እስክሪብቶ በሁለት ዓመት ይደበዝዛል።

ይህን ብሎ የሚያቆም ባላጋራዬ ነው። እኔ ግን ገጹን እገልጣለሁ።

ሜላኒን ስብን ያጠፋል። ምነው ቢሉ፣ ሁሉም ሜላኒን አንድ አይደለምና። ፌዮሜላኒን ብርሃን ሲያገኘው ራሱ ይፈርሳል፤ ሲፈርስም ከኦክሲጅን ጋር ተናክሶ ሱፐርኦክሳይድ የተባለውን ራዲካል ያወጣል፤ አጠገቡ ያለው ስብ ለጥቃት ይጋለጣል። ከዚህ የባሰም አለ። በ2012 ቦስተን ውስጥ የዴቪድ ፊሸር ቡድን ለቆዳ ካንሰር የሚያጋልጥ የዘር ለውጥ ባላቸው አይጦች ላይ ሙከራ አደረገ፤ ጥቁሮች፣ ቀዮችና ቀለም አልባዎች ነበሩ። ከቀዮቹ ብዙዎቹ አልትራቫዮሌት ሳይነካቸው በሜላኖማ፣ ማለትም በቆዳ ካንሰር፣ ተመቱ። ከቀዮቹ መካከል ቀለም የመሥራት አቅም የተነጠቁት፣ ነጭ ሆነው የቀሩት፣ ዳኑ። የቀዮቹ ቆዳ ሲመረመር የስቡም የዲኤንኤውም ኦክሲዴሽን ከነጮቹ በልጦ ተገኘ። ማለትም ምንም ቀለም ከሌለው ቀይ ቀለም ያለው የከፋበት ቀን አለ። «ቀለም ይጠብቃል» ብሎ ሳይለይ የሚፈርድ ሰው ለእነዚህ አይጦች መልስ ያዘጋጅ።

አንድም ብረት ይጠግባልና። ጥቂት ብረት ያሰረ ሜላኒን ጠባቂ ነው፤ ከልክ በላይ የያዘ ግን ብረቱን መልሶ ሊያወጣው ይችላል፤ ያን ጊዜ ፌንተን የጻፈው ሁሉ እዚያው ይፈጸማል። አንድም ያረጃልና፤ ለዓመታት ብርሃን ሲውጥ የኖረ ሜላኒን ራሱ ኦክሲዴሽን ይደርስበታል፤ መቀበል ያቅተውና መስጠት ይጀምራል። አንድም ሌሊት ይሠራልና፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 እንዳሳዩት፣ በብርሃን የተነካ ሜላኒን ስብርባሪ ፀሐይ ከጠፋች ከ3 ሰዓት በላይ ቆይቶም የዲኤንኤ ጉዳት ማድረሱን ይቀጥላል። ይህ ስለ ዲኤንኤ እንጂ ስለ ስብ አይደለም፤ ነገር ግን ጠባቂ ሲከዳ እንዴት እንደሚከዳ ያሳያል ብዬ አስገባሁት። ድርሳኑ የእኔ ነው።

ጥቁር ቆዳ ግንብ ነው የሚለውንም በዚሁ ላፍርሰው። በ1979 ካይድቤይ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በጥቁርና በነጭ ሰዎች የላይኛ ቆዳ በኩል የሚያልፈውን ብርሃን ለኩ። ከአልትራቫዮሌት ቢ በጥቁሩ በኩል ከመቶ 7.4፣ በነጩ በኩል ከመቶ 24 አለፈ። ከአልትራቫዮሌት ኤ ደግሞ በጥቁሩ 17.5፣ በነጩ 55። ከነጩ እጅግ የተሻለ ነው፤ የሚያልፈው ግን ምንም አይደለም የሚባል አይደለም። ከሥሩ ያለው የሕዋስ ሽፋን ስብ ነው፤ ያለፈውን የሚቀበለው እርሱ ነው።

ሦስተኛ አንቀጽ፦ የእትዬ ቅቤ በምርመራ

አሁን ወደ ድንኳኑ ጉዳይ። ባላጋራዬ የዘነጋው አንድ ነገር ነው፤ ቦታን። ሜላኒኑ በፀጉሩ ዘንግ ውስጥ ነው፤ ቅቤው በፀጉሩ ላይ ነው፤ ፀሐይ ደግሞ ከላይ ነው የምትመጣው። ብርሃኑ አስቀድሞ ቅቤውን ያገኘዋል፤ ከራይቦፍላቪኑ ጋር ጉዳዩን ይጨርሳል፤ ሜላኒኑ ዘንድ የሚደርሰው የተረፈው ነው። ዣንጥላ ላይ የተቀመጠ ሰው ከዝናብ አይድንም። ዣንጥላው የቱን ያህል ጥቁር ቢሆን፣ ስንት የሊቃውንት መጽሔት ቢያመሰግነው፣ አይድንም!

ከዚህም በላይ፣ ጥቁሩ ፀጉር የተረፈውን ብርሃን ውጦ ሙቀት ያደርገዋል ብለናል። ያ ሙቀት ወዴት ይሄዳል? ከላዩ ወዳለው ቅቤ። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፤ ቀልጦ በየፀጉሩ ላይ እንደ ስስ ቅብ ይዘረጋል፤ የተዘረጋ ስብ ለኦክሲጅን ገላውን ሁሉ ይሰጣል። ሙቀቱም ራሱ የኬሚካሉን ሥራ ያፋጥናል። ስለዚህ ያ የተመሰገነ ሜላኒን፣ የራስ ቆዳን ሲጠብቅ፣ በቅቤው ላይ እሳት ያነዳል።

ፍትሐዊ ልሁንና ለባላጋራዬ አንዲት ቁራሽ እውነት ልተውለት። ነጭ ፀጉር የደረሰበትን ብርሃን በትኖ ወደ ላይ ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በሽበት ላይ ያለ ቅቤ ያንኑ ብርሃን ሲመጣም ሲመለስም ይቀምሰዋል። ጥቁር ፀጉር ግን ውጦ ያስቀረዋል። በዚህች ብቻ ጥቁሩ ይሻላል። ሽበት ራሱ በፀጉሩ ሥር ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲጠራቀም እንደሚባባስ በ2009 የወጣ ጥናት ስለሚናገር፣ የሸበተ ሰው በኦክሲጅን ሁለት ጊዜ ተበድሏል ማለት ነው፤ በፀጉሩም፣ በቅቤውም።

ቅቤ ግን ጠባቂ አጥቶ አያውቅም። ጠባቂው ጥቁር ሳይሆን ቢጫ ነው፤ ቤታ ካሮቲን። ላም ለምለም ሣር ስትግጥ ቅቤዋ ቢጫ የሚሆነው በዚህ ነው። በ1968 ፉትና ዴኒ የተባሉ ኬሚስቶች ካሮቲን ቁጡውን ኦክሲጅን እንደሚያበርደው አሳዩ። ካሮቲን በስቡ ውስጥ ሟሙቶ ስለሚገኝ ከጥቃቱ ቦታ አይርቅም፤ ከሥር ሆኖ አያጉረመርምም። ዋጋውን ግን ይከፍላል፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ቅቤ ገጹ የሚገረጣው ካሮቲኑ ስለሚያልቅ ነው። የገረጣ ቅቤ ያየ ገዢ ጠባቂው እንዳለቀ ይወቅ።

የባላጋራዬን ነገር ይበልጥ የሚያዋርደው ግን ከሐመር ይመጣል። የሐመር ሴቶች ቅቤን ከቀይ አፈር ጋር ለውሰው ፀጉራቸውን ይቀባሉ። የአፈሩ ቅላት ከብረት ኦክሳይድ ነው፤ ቀይ የሆነበትም ምክንያት ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥ ነው፤ ራይቦፍላቪን የሚነቃውም በዚያው በሰማያዊው ነው። ቀለሙ ከስቡ በታች አልተቀመጠም፤ በስቡ መካከል ገብቶ ተለውሷል። ብረቱ በአፈሩ ቅንጣት ውስጥ ታስሮ እስካለ ድረስ፣ በቦታ ሕግ ሲመዘን ይህ ከጥቁር ፀጉር ይልቅ ለቅቤው የቀረበ ጠባቂ ነው። እነርሱ ለውበት ብለው ነው የሚያደርጉት። እኔ ለዚሁ ነገር ሦስት አንቀጽ ፈጀሁ።

የእኛም ቆዳ ቢሆን የራሱን ቅቤ ይሠራል። ከቆዳችን የሚወጣው ቅባት ውስጥ ስኳሊን የሚባል፣ ስድስት ድርብ ትስስር ያለው ስብ አለ፤ ከቅባቱ ከመቶ 12 ያህል ነው። ስድስት! ኑግ ዘይት ሁለት ይዞ ነው የተማረረው። ስኳሊንም እንደ እትዬ ቅቤ ከሜላኒኑ በላይ ነው የሚተኛው፤ በፀሐይ ቀድሞ ኦክሲዴሽን የሚያገኘው እርሱ ነው፤ ጥቁርም ሆንን ቀይ ለውጥ የለውም።

አራተኛ አንቀጽ፦ ዣንጥላው ስለሚሠራበት ቦታ

ሜላኒን ያለ ጥርጥር የሚከበርበት አንድ ስፍራ የዓይን ጀርባ ነው። የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ጫፍ ዲኤችኤ በሚባል፣ እንደ ስኳሊኑ ስድስት ድርብ ትስስር ባለው ስብ የተሞላ ነው፤ ኦክሲጅን በገፍ ይፈስስበታል፤ ብርሃንም ቀኑን ሙሉ ይወርድበታል። አንድ ጠላት ስብን ለማጥፋት ስፍራ ምረጥ ቢባል ከዚህ የተሻለ አያገኝም። ከዚያ ጀርባ የተነጠፈው የሕዋስ ንጣፍ በሜላኒን የጠቆረ ነው፤ የተረፈውን ብርሃን ይውጣል፤ ልቅ ብረትን ያስራል፤ በሽበት ላይ እንዳየነው ብርሃን ተመልሶ እንዳይመታም ይከለክላል።

ነገር ግን ይህ ሜላኒን በአብዛኛው የሚሠራው ከመወለዳችን በፊት ነው፤ እንደ ቆዳው ሲያልቅ አይተካም። በፖላንድ ክራኮው የያጊየሎንያን ዩኒቨርሲቲው ታዴውሽ ሳርና ከባልደረቦቹ ጋር በ2003 እንደጻፈው፣ በዕድሜ ብዛት የዚህ ንጣፍ ሜላኒን ይመናመናል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ብርሃን ራሱ ሊሆን ይችላል። ያረጀው ቀለም ጥበቃው ይደክማል፤ ብርሃን ሲያገኝም ለጉዳት ማድላት ይጀምራል። ሰባ ዓመት ሙሉ ሳይቀየር የቆመ ዘብ ቢያንቀላፋ አይፈረድበትም።

ብያኔ

ክርክሩን ሰምተን፣ ማስረጃውን መርምረን፣ ባላጋራችን በሌሉበት እንዲህ ፈርደናል። ሜላኒን ስብን የሚጠብቀው ዩሜላኒን ሆኖ፣ ሳያረጅ፣ በብረት ሳይጠግብ፣ ከስቡና ከብርሃኑ መካከል ሲቆም ነው። ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጠው የቆመበት ቦታ ነው። የእትዬ ቅቤ ከዣንጥላው በላይ ስለሆነ ጥበቃው አይመለከተውም፤ እርሳቸውም ሻሽ ይሰሩበት ወይም ጥላ ይፈልጉ።

በመጨረሻም ለቅቤ ነጋዴዎች አንድ ትእዛዝ አለን። ቅቤን ብርሃን በሚያሳልፍ ነጭ ላስቲክ ጠቅልላችሁ ከረፋዱ ጀምሮ ፀሐይ ላይ የምትደረድሩ፣ ወደ ቅጠሉ ተመለሱ። የኮባ ቅጠል ብርሃን ይከለክላል፤ ላስቲኩ አይከለክልም።